ዘጭና ሦስቱ ተከራካሪ ጉልቻዎች

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

ምን ያንሾካሹካችኋል? ቅድም ግቢው ውስጥ «ካራቴ ይበልጣል፣ ቦክስ ይበልጣል» እያላችሁ ስትጯጯሁ ድምፃችሁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን የት ገባ? እንደገና! ተረት ተረት!

«የመሰረት!!»

እሰይ። በድሮ ጊዜ፣ ካራቴም ቦክስም በሌለበት ጊዜ፣ ልክ እንደ እናንተ የሚጨቃጨቁ ሦስት ጉልቤዎች ነበሩ። ልጆች እንዳይመስሏችሁ! ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ፣ እያንዳንዳቸው አንድ በግ ለብቻቸው የሚጨርሱ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ባለ ትግል ነው። ሁለተኛው ባለ ዱላ ነው። ሦስተኛው ባለ እርግጫ ነው።

በአገሩ ያለችው ምንጭ አንዲት ብቻ ነበረች። አንድ ቀን አንድ ጭራቅ ከተራራው ወረደና ምንጯ ላይ ተቀመጠባት። ዘጭ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ዘጭ ተባለ። መቀመጫው የምንጯን አፍ ግጥም አድርጎ ስለዘጋው አንዲት ጠብታ እንኳ አላልፍ አለች።

«ተዋግቶ ያስነሳኝ ውሃውን ይውሰድ» አለ ዘጭ። «ሕግ የሚባል ነገር ግን የለም። መንከስ ይቻላል። ዓይን ውስጥ አፈር መበተን ይቻላል። ከኋላ መምታትም ይቻላል። ሕግ የፈሪ ነው!»

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ብርቄ የምትባል የስምንት ወር ልጅ አለቻት። ውሃ በጠፋ በሦስተኛው ቀን የአንጓች ጡት ነጠፈ። ብርቄ ስታለቅስ ዋለች። በአራተኛው ቀን ማልቀሱንም ተወችው። አንጓችን ያስደነገጣት ይሄ ዝምታ ነው። ልጇን አዝላ ወደ ንጉሡ ሮጠች።

ንጉሡ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ሦስቱ ጉልቤዎች ፊቱ ቆመዋል። ምን ሲያደርጉ ቢሆን ጥሩ ነው? ሲከራከሩ! ጭራቁን ማን ይግጠመው የሚለውን ለመወሰን መጀመሪያ የማን ውጊያ እንደሚበልጥ መታወቅ አለበት ተብሎ፣ ክርክሩ ይኸው አራተኛ ቀኑን ይዟል።

«ከትግል የሚበልጥ የለም!» ይላል ባለ ትግሉ። «ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ አለቀ። የወደቀ አይመታም። ሕግ ያለው ውጊያ ይሄ ነው።»

«አፈር ላይ መንከባለልን ውጊያ ትለዋለህ?» ይላል ባለ ዱላው። «ዱላ ነው እንጂ! መጀመሪያ ዱላ ለዱላ ይነካካል፤ ምቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተዘጋጀ ሰው አይመታም።»

«አንተ እንጨትህን ቢቀሙህ ምን ቀረህ?» ይላል ባለ እርግጫው። «እርግጫ ይበልጣል። ደግሞ ሕግ ሕግ አትበሉብኝ። ያሸነፈ አሸነፈ፤ በቃ!»

ንጉሡም ያጨበጭባል። «ግሩም! ግሩም! እስቲ ከመጀመሪያው ድገሙልኝ» ይላል። ሰውየው ጓዳው ውስጥ ሦስት ጋን ጠጅ አለው። የውሃ ጥም ምን እንደሆነ የት ያውቃል?

አንጓች ክርክሩን ቆማ ሰማች። ደሟ ፈላ።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ማን እንደሚበልጥ ለማወቅ ምን ያለፋል? ጭራቁ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ለምን ሄደው እሱን አይጠይቁትም?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ንጉሡ አፈረና «ሂዱ!» አለ። ጉልቤዎቹም ሌላ አማራጭ አጡ። አንጓችም ተከተለቻቸው።

በመንገዱ ዳር አንዲት እንቁራሪት ነበረች። ቤቷ ያቺ ምንጭ ነበረች። አሁን ግን ከቤቷ ተባርራ፣ ጀርባዋ ተሰነጣጥቆ፣ አቧራ ላይ ተዘርግታ ታቃስታለች።

ባለ ትግሉ ሲያልፍ «ወንድሜ፣ ጀርባዬን በጠብታ ውሃ አርስልኝና ምክር ልስጥህ» አለችው።

«እንቁራሪት ደግሞ ስለ ትግል ምን ታውቃለች?» ብሎ አለፈ። ዘጭ ፊት ቆመና እጆቹን ዘርግቶ «ተነስ፣ ወገብ ለወገብ እንያያዝ!» አለው። ዘጭ ምን በወጣው ይነሳል? አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ ዓይኑ ውስጥ በተነበት፤ እግሩን ጎትቶ በጀርባው አነጠፈው።

«ጀርባዬ መሬት ነካ! ተሸንፌያለሁ፣ በቃ!» አለ ባለ ትግሉ።

«ምኑ ነው የበቃው?» አለ ዘጭና እፍ! አለበት። ባለ ትግሉ ድንጋይ ሆነ። አንድ ጉልቻ።

ቀጥሎ ባለ ዱላው መጣ። እንቁራሪቷ ለመነችው። «ዘወር በይ፣ ዱላዬን እንዳታቆሽሺብኝ» ብሏት አለፈ። ዘጭ ፊት ደርሶ ዱላውን በወጉ ዘረጋ፤ ለመነካካት መሆኑ ነው። ዘጭ ዱላውን ቀማውና ጥርሱን ይጎረጉርበት ጀመር።

«ቆይ እንጂ፣ ገና አልጀመርንም!» አለ ባለ ዱላው።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለ ዘጭ። እፍ! ሁለት ጉልቻ።

በመጨረሻ ባለ እርግጫው መጣ። እሱማ የለመነችውን እንቁራሪት በእግሩ ገፍትሯት አለፈ። «ሕግ ከሌለ እኔም ሕግ የለኝም» እያለ በዘጭ ጀርባ ዞሮ ተሳበና ማጅራቱን በእርግጫ አቀመሰው። ዘጭ ዝንብ ያረፈበት መሰለው። ባለ እርግጫው ዘሎ ተንጠለጠለና ጆሮውን ነከሰ።

«እሰይ! አንተስ ገባህ» አለ ዘጭ ደስ ብሎት። እሱም በተራው ነከሰው። የዘጭ አፍ ደግሞ የበር ያህላል።

«ኧረ ጆሮ አይነከስም! ኧረ ነውር ነው!» ብሎ ጮኸ ባለ እርግጫው። ሰማችሁ? ሕግ ሕግ አትበሉብኝ ያለው ሰውዬ እኮ ነው! ድንቄም ጀግና!

እፍ! ሦስት ጉልቻ።

ድንጋይ ሆነውስ ዝም ያሉ መሰላችሁ? «አንተ መጀመሪያ ወገቡን ብትይዝ ኖሮ…» «አንተስ ዱላህን አጥብቀህ ብትይዝ…» «አፋችሁን ዝጉ፣ እኔ እኮ ጨርሼው ነበር!» ክርክሩ ቀጠለ።

አሁን አንጓች ብቻ ቀረች። እንቁራሪቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ ጀርባዬን በጠብታ ውሃ…»

አንጓች ቅሏን ነቀነቀችው። የቀራት አንድ ጉንጭ ነው፤ ለብርቄ ከንፈር ማራሻ ያስቀመጠችው። ጣቷን ነከረችና የልጇን ከንፈር አራሰች። እንደገና ነከረች፣ እንደገና አራሰች። በሦስተኛው የእንቁራሪቷን ጀርባ አራሰች። ለልጇ ሳትሳሳ የሰጠች እንዳይመስላችሁ፤ ቅሏ ውስጥ የቀረውን እያየች ነው የሰጠቻት።

እንቁራሪቷ ነፍስ ዘራች። «ዘጭ በቀትር ሲያንቀላፋ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አለች። «'እማዬ' ነው የሚለው። ሳያባርረኝ በፊት ከአጠገቡ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ከዚያ አንጓችን እፍኝ አፈር አስዘገነቻትና አፈሩ ላይ እንትፍ አለችበት። «ይሄ አፈር የማንንም እናት ብትጠሪበት የእሷን ጠረን ያወጣል። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

አንጓች አሰበች። የሰፈሯ ልጆች ሲጣሉ ያየችው ነገር ትዝ አላት። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አናውቅም ብላችሁ እንዳትዋሹኝ! ሁለት ልጆች ሊጣሉ ሲሉ አንዱ ነገረኛ መሐል ይገባና ሁለት ቁልል አፈር ያስቀምጣል። «ይሄ የአንተ እናት ጡት ነው፣ ይሄ የእሱ እናት ጡት ነው» ይላል። ከዚያ አንዱ የአንዱን ከረገጠ ማን ሊገላግላቸው?

አንጓች ልጇን እንዳዘለች ዘጭ ፊት ቆመች።

«አያ ዘጭ፣ ልዋጋህ መጥቻለሁ።»

ዘጭ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ከነልጅሽ?»

«ከነልጄ። ሕግ የለም ብለሃል አይደል?»

«የለም!»

«አንድም?»

«አንድም!»

«ማንም ምንም ቢያደርግ ነውር አይባልም?»

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አይባልም!»

አንጓች ተንበረከከች። የሸክላ ሠሪ እጅ ነውና ከዚያ አፈር ሁለት ቁልል በአንድ አፍታ አሳምራ ሠራች። ዘጭ እንዳይደርስባቸው ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ የእኔ እናት ጡት ነው» አለች። «ይሄ ደግሞ የዘጭ እናት ጡት ነው።»

ያን ጊዜ አፈሩ ሞቀ። እንፋሎት ወጣው። ወተት ወተት የሚል ጠረን አየሩን ሞላው። የዘጭ አፍንጫ ተነፋ፤ ሳቁም ቆመ። ዓይኑ ቁልሉ ላይ ተተከለ።

አንጓች እግሯን አነሳች።

«እግርሽን መልሺ!» አለ ዘጭ።

«ለምን?»

«የእናቴ ነዋ!»

«ቢሆንስ? ሕግ የለም።»

«ይሄማ… ይሄማ ነውር ነው!»

«ነውር የለም ያልከኝ አንተ። አሁን ከየት መጣ?» እግሯን ትንሽ ዝቅ አደረገች።

«እማዬን!» ብሎ ዘጭ ብድግ አለ።

ፏ! ምንጯ ፈነዳች። አራት ቀን ታፍኖ የቆየ ውሃ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ወረደ። ዘጭ ቁልሉን ለማቀፍ ሲንደረደር ውሃው ቀደመውና አፈሩን ይዞት ሄደ። «እማዬ! እማዬ!» እያለ ወንዝ ለወንዝ ተከተለው። ያ ሁሉ ጭራቅ እየተነፋረቀ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

አንጓች ግን ቁልሉን አልረገጠችውም። እግሯን ያሳረፈችው ከጎኑ ነው። የጭራቅም ብትሆን እናት ናት፤ የሰው እናት ትረገጣለች እንዴ?

ልጇን ፈታ አቀፈቻት። በመዳፏ ቀድታ ጠብ፣ ጠብ አደረገችላት። ራሷም ጠጣች፤ ጠጣች፤ ጠጣች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጡቷ መለስ አለ። ብርቄ ትንሽ ጠባችና ቀና ብላ ጮኻ አለቀሰች። አንጓች በልቅሶ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። እሷም አብራ አለቀሰች።

«ጉልቻዎቹ ላይ ውሃ ብትረጪባቸው ሰው ይሆናሉ» አለች እንቁራሪቷ። «ነገር ግን እስከ ሦስት እስክትቆጥሪ ዝም ማለት አለባቸው።»

አንጓች ረጨችባቸው። «አንድ… ሁለት…»

«ጆሮውን ነክሼ ያላላሁት እኔ ነኝ!» አለ አንዱ።

እንደገና ረጨች። «አንድ… ሁለት…»

«በዱላ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ይነሳ ነበር!» አለ ሌላው።

ለሦስተኛ ጊዜ ረጨች። «አንድ…»

«ትግል ይበልጣል!»

አንጓች እጇን አራገፈች። «እንግዲያስ እዚሁ ቆዩ» ብላ ማሰሮዋን ጣደችባቸው፤ ከሥራቸውም እሳት አነደደች። ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቀሙ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ እንስራ ይዞ ምንጯ ጋ መጣ። አንጓች በእንጨት መሬቱ ላይ መስመር አሰመረች። «መጀመሪያ ሕፃን ያዘለች፣ ቀጥሎ የደከመ፣ ከዚያ በተራ» አለች። ንጉሡ ጋኑን አሸክሞ መጣና «እኔ እኮ ንጉሥ ነኝ» አለ።

«አይቻለሁ፤ ተራዎ ከእኚያ ሴትዮ ኋላ ነው» አለችው። ቆመ። ምን ያድርግ?

እና ልጆቼ፣ «ሕግ አያስፈልግም» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ጉልበተኛ ነኝ ማለቱ ነው፤ ራሱን ሲነኩት ግን መጀመሪያ «ነውር!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። ሕግ የሚጠቅመው ትንሹን ነው። የማን ውጊያ ይበልጣል እያለ የሚውል ደግሞ ሰው ሲጠማ የማይጠቅም ድንጋይ ነው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን ዛሬ በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱ። ጥርስህ የወለቀው አንተ፣ ተነስና ቅዳልኝ። «እሱ ይቅዳ፣ እሷ ትቅዳ» የሚል ጭቅጭቅ እንዳልሰማ!