ኮርቻው የተገለበጠበት ዓረፋ

በአዛኙ ጌታ ስም ጀምሬ፣ ዛሬ የአንድ ሽማግሌንና የአንድ ፈረስን ነገር አጫውታችኋለሁ። ነገሩ የሆነው ዙሪያዋን በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ የንግድ ከተማ ነው። ያወሩልን ሰዎች ስሟን አልነገሩንም። እኛም አያስፈልገንም፤ እንደምነግራችሁ ያለ ሹም ያላየ ከተማ የት ይገኛል?

በምሥራቁ በር አጠገብ ሸኽ ሙስባሕ የሚባሉ ሰው ጋጣ ነበራቸው። ጋጣ ስላችሁ የእርሳቸው ፈረሶች ብቻ የሚታሰሩበት እንዳይመስላችሁ። የከተማው ሰው ፈረሱን እዚያ ያሳድራል፤ ልጁን እዚያ ግልቢያ ያስተምራል፤ መንገደኛውም ጭኖ የሚወጣው ከዚያ ነው። መሬቱ የገዥው ነው፤ ድካሙ የሸኹ።

ሸኽ ሙስባሕ የንጋቱን የሱብሒ ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ቁርስ አይቀምሱም። መጀመሪያ ፋንድያው ይጠረጋል። ከዚያ ድርቆሹ ይራገፋል፤ አቧራ ያለው ድርቆሽ ፈረስን ያስላል። ገብስ ይሰጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሰኮና ውስጥ የተሰነቀረው ጠጠር ይወጣል። ባለቤታቸው ዘምዘም ገንፎውን ይዛ ደጃፉ ላይ ትቆምና፣ «ሸኹ፣ እኔም ጋማ ባበቅል ኖሮ ቀድመው ያዩኝ ነበር!» ትላቸዋለች።

«አንቺ ጋማ ሳይኖርሽም ትራገጫለሽ» ይሏታል።

አሁን አንድ ልማዳቸውን ላስረዳችሁ፤ እሱን ካልተረዳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ማንኛውም ፈረስ ከጋጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ሸኹ «ቢስሚላህ» ብለው መዳፋቸውን ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ ድረስ ቀስ አድርገው ያሳልፋሉ። ጀርባው ጤነኛ ከሆነ ፈረሱ ዝም ይላል። ኮርቻ የላጠው ቁስል ካለ ግን ቆዳው ይርገበገባል፣ ጆሮውም ወደ ኋላ ይተኛል። ያን ጊዜ ሸኹ የዚያን ፈረስ ኮርቻ ገልብጠው መስቀያው ላይ ያኖሩታል። የተገለበጠ ኮርቻ ያየ ሰው፣ የፈረሱ ባለቤት እንኳ ቢሆን፣ ሳይጭን ይመለሳል። አዋጅ የወጣበት ነገር አይደለም፤ ሰው ለምዶት ሕግ ሆነ እንጂ። ምክንያት አለው። የኮርቻ ቁስል ሲያዩት ትንሽ ነው። የሰው ክብደት ሲያርፍበት ግን ወደ ውስጥ እየበላ ይሄዳል፤ አጥንት ከደረሰ ያ ፈረስ አለቀለት።

ገዥው ሹም ኸይረዲን ይባላል። ልጅ ሳለ ግልቢያ ያስተማሩት እኚሁ ሸኽ ነበሩ፤ ሹመቱ ሲመጣ ትምህርቱ ሄደ መሰለኝ። አንድ አምባላይ ፈረስ ነበረው፤ አምባላይ ማለት ነጭ ማለት ነው። ዓረፋ ሊደርስ ሰሞን ሹሙ አደን ወጥቶ፣ ኮርቻውን አንዴም ሳያላላ፣ በላብ የራሰውን ፈረስ ሲያስጋልብ ዋለ። አምባላዩ ሲመለስ ሸኹ መዳፋቸውን አሳለፉበት። ፈረሱ ተርገፈገፈ። ኮርቻው ተገለበጠ።

ችግሩ፣ በዒዱ ጠዋት ገዥው በአምባላዩ ተቀምጦ፣ ከሩቅ የመጡ እንግዶቹ እያዩት፣ ወደ ሶላቱ ሜዳ መውጣት ነበረበት። በዋዜማው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዐስር የሚባለው ሶላት እንዳበቃ፣ ሹሙ ራሱ ወታደሮቹን አስከትሎ መጣ። የተገለበጠውን ኮርቻ አየና በገዛ እጁ አቀናው።

«ጠዋት ተጭኖ ይጠብቀኝ» አለ።

ሸኹ ሄደው መልሰው ገለበጡት።

«ሸኽ ሙስባሕ፣ ፈረሱ የኔ ነው።»

«አዎን፣ ያንተ ነው።»

«ኮርቻውም የኔ ነው።»

«እሱም ያንተ ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ጀርባው» አሉ ሸኹ። «ጀርባውን የፈጠረው አላህ ነው፤ አንተ ዘንድ አማና፣ አደራ ነው። አማናውን ደግሞ አቁስለህ አመጣኸው።»

ሹሙ ሳቅ አለ። «በወርቅ ክር የተጠለፈ ግላስ አሠርቻለሁ። ከኮርቻው ሥር ሲለብሰው ቁስሉን ማንም አያየውም።»

«ግላሱ ከእንግዶችህ ይሸፍንልህ ይሆናል። ልትሰግድለት የምትሄደውስ ጌታ? ዙልምህን፣ በደልህን አስጊጠህ፣ እላዩ ላይ ተቀምጠህ ነው ፊቱ የምትቀርበው?»

ከወታደሮቹ አንዱ፣ ረሺድ የሚባለው፣ ድንገት ሳል ያዘው። ሳቁን መዋጡ ነበር።

የሹሙ ፊት ጠቆረ። «መሬቱ የማን እንደሆነ አይርሱ! ፈረሱ ጠዋት ካልተጫነ ጋጣውን ለቀው ይወጣሉ። ማሰሪያ ገመድ እንኳ ይዘው አይወጡም።»

«ገመዱን ተውኩልህ» አሉ ሸኹ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሸኹ ከዚያ ጋጣ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ በዚያ ዕድሜ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሊለምኗቸው መጡ።

«ሸኻችን፣ አንድ ጠዋት እኮ ነው። ሜዳውም እንደሆነ ቅርብ ነው።»

«ቅርብ ከሆነ በእግሩ ይሂዳ!»

ሽማግሌዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲወጡ፣ ሸኹ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ዘምዘም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ?» አለች። «ጋጣውን ቢወስድብን፣ ቢያንስ ገንፎው ትኩስ እያለ ይበላሉ።»

በማግስቱ ከተማዋ «አላሁ አክበር» በሚለው ተክቢራ ተናወጠች። ሸኹ ታጥበው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ነበር። ሹሙ ግላሱን ይዞ፣ ከነወታደሮቹና ከነእንግዶቹ ደረሰ። «ፈረሱን አውጡት፤ እዚሁ ደጅ እንጭነዋለን» ብሎ አዘዘ። ረሺድ ገብቶ አምባላዩን ፈታ። ጋጣው ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ሸኹ ሄደው፣ በዚያ ነጭ ጀለቢያቸው፣ ደጃፉ ላይ ተጋድመው ተኙ።

ፈረስ የማታውቁ እንደሆነ፣ ፈረስ መሬት ላይ የተኛ ሰው መርገጥ አይወድም። አምባላዩ ደጃፉ ጋ ሲደርስ አንገቱን ዘቅዝቆ የሸኹን ትከሻ አሸተተ፤ ከዚያ ቆመ። ረሺድ ሳብ አደረገው። ንቅንቅ አላለም።

«ተነሡ እንጂ ሸኹ! ሰው እያየ!» አለ ሹሙ።

«ለዚህ ነው የተኛሁት» አሉ ሸኹ ከመሬት ላይ።

«ረሺድ! አንሣቸው!»

ረሺድ ልጓሙን እንደያዘ ሸኹን አየ፤ ሹሙን አየ። «ጌታዬ፣ ልጅ ሆኜ ከፈረስ በወደቅሁ ቁጥር ያነሱኝ እርሳቸው ናቸው። እኔ እርሳቸውን የማነሣው ጀናዛቸውን ስሸከም ብቻ ነው።»

ሹሙ ሌሎቹን ወታደሮች ተመለከተ። ሁሉም መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ሁሉም እዚያ ጋጣ ውስጥ ወድቀው የተነሡ ናቸው። ተክቢራው ወደ ሜዳው እየራቀ ሄደ፤ የሶላቱ ሰዓት ማንንም አይጠብቅም። በመጨረሻ ሹሙ በወርቅ የተጠለፈውን ግላስ ወርውሮ በእግሩ ሄደ። እንግዶቹም ከኋላው በእግራቸው ተከተሉት። ሸኹ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ፤ አምባላዩን ቦታው መልሰው ውሃ ሰጡት፤ ፈጠን ፈጠን ብለው ደርሰውም ከመጨረሻው የሰጋጆች ሰፍ ሰገዱ።

ሹሙ ዛቻውን ፈጸመ። ዒዱ እንዳለፈ ሸኽ ሙስባሕ ጋጣውን ለቀው ወጡ፤ እንዳሉትም ገመድ አልያዙም። ሹሙም እምቢ ያለውን ረሺድን ከወታደርነቱ ሽሮ፣ ፋንድያ ጥረግ ብሎ ጋጣውን ሰጠው። ረሺድም የአምባላዩን ቁስል በጨው ውሃ እያጠበ፣ ሹሙ ቢቆጣም ባይቆጣም፣ እስኪሽር ድረስ ኮርቻውን አላቀናም።

ሸኹ ባዶ እጃቸውን በወጡበት ዕለት አንድ ጎረቤት፣ «ለአንድ ፈረስ ጀርባ ብለው ጋጣውን ሙሉ አጡ?» አላቸው።

እርሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «ጋጣ ያጣ ሰው ሌላ ጋጣ ይሠራል። በቂያማ ቀን ያ ፈረስ አንደበት ተሰጥቶት ሲጠይቀው መልስ ያጣ ሰው ግን ምን ይሠራል?»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ሶብር፣ ትዕግሥት ማለት፣ አንገት ደፍቶ የታዘዙትን መፈጸም ይመስለናል። አይደለም። ሸኽ ሙስባሕ እጃቸውን አላነሡም፣ አልተሳደቡም፣ ግን እሺም አላሉም። ሶብራቸው ከእምቢታቸው በኋላ የመጣውን ኪሳራ ሳያማርሩ መሸከማቸው ነው። እኛ ደግሞ በተቃራኒው እሺ ብለን እናማርራለን። «ባለቤቱ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» የምትለዋ ቃል ስንቱን ዙልም አሳልፋለች! ባለቤትነት ለማቁሰል ፈቃድ አይሆንም፤ በፈረስም፣ በሠራተኛም፣ በልጅም ላይ። አላህ እሺ ማለት ሐራም በሚሆንበት ሰዓት፣ ያለንን ሁሉ ቢያስወጣንም እንኳ፣ እምቢ የምንልበትን ልብ ይስጠን።