ሽመላዋና አፈ ረጅሙ ዓሣ

ተረት አለኝ፣ ሰሚ ካገኘሁ። በአንድ ወንዝ ዳር ጫጩቶቿን ቆሮሶ በሚባለው ዓሣ የምታሳድግ አንዲት ሽመላ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ቆሮሶ አገኘሁ ብላ መንቁሯን ብትሰድ፣ አፉ የረዘመ፣ ጥርሱ የበዛ፣ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሌላ ዓሣ ይዛ ወጣች።

«አንተን ማን ፈለገህ? የልጆቼን ቆሮሶ የምትጨርሰው አንተ ነህ ለካ» አለችው ተናዳ።

«እርግጥ ነው፣ እበላለሁ» አለ አፈ ረጅሙ። «ግን እኔን ሲሸሹ አይደል ወዳንቺ የሚመጡት? እባክሽ ወደ ውሃዬ መልሺኝ።»

ሽመላዋ ነገሩ የፈሪ ልመና መሰላትና ሣሩ ላይ ወርውራው ሄደች።

በማግስቱ ቆሮሶዎቹ ከጥልቁ መሃል ሆነው ይጫወታሉ፤ አንድም ወደ ዳር የሚወጣ የለም። ሽመላዋ ውሃው ሆዷን እስኪነካት ድረስ ገባች፤ እግሯ ግን ከዚያ አላለፈም። ከዛፉ ላይ የጫጩቶቿ ጩኸት ይሰማታል። ያኔ የአፈ ረጅሙ ቃል ትዝ አላትና ዓሣውን ወደ ጣለችበት ሣር በረረች። እዚያ ያገኘችው ግን አሞራ በልቶ የተወውን ቅርፊት ብቻ ነበር። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው፤ ከዚያም ባዶ አፏን ወደ ጫጩቶቿ ተመለሰች።

ተረቴ አለቀ፤ የሰማችሁ እደጉልኝ።