ጉም ውስጥ የተጠራው ቀዛፊ

አንድ ሰው ነበረ፤ ታንኳ ቀዛፊ።

የኔታ ዕንቁባሕርይ እንዲህ ብለው ጀመሩ፣ ታንጉት ጥያቄዋን እንደ ጨረሰች። ታንጉት ልጇን ከቀበረች ወዲህ ቅዳሴ ቆማ ጸሎት እንቢ እያላት ተቸግራለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፎች ሥር ስትቀመጥ ግን፣ ወፎቹ ሲንጫጩና ብርሃኑ በቅጠሉ መሐል ሲወርድ፣ ደረቷ ይከፈታል። «የኔታ፣ ይህ ከእግዜር ነው ወይስ ልቤ እያታለለኝ ነው?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው። እሳቸው ደግሞ ለጥያቄ በቀጥታ መመለስ አይወዱም።

ያ ሰው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነው፣ አሉ። በዚያ አገር አንድ ሕግ አለ። ጉም በወረደ ቀን ውሃ ላይ ስሙን የሰማ ሰው ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አቤት አይልም። ሐይቁ የሰመጡትን ሰዎች ድምፅ ይዞ ያስቀራል፤ በዚያ ድምፅ አንዴና ሁለቴ መጣራት ይችላል፤ ሦስተኛውን የሚጠራ ግን በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው ይላሉ። ይህን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

አንድ ጧት ሰውየው ታንኳውን ዳር ላይ አስሮ ጉሙ እስኪገፈፍ ሲጠብቅ፣ ቀድሞት የወጣው ወንድሙ ከውሃው መሐል በስሙ ጠራው። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠራው፤ አሁን ድምፁ ሳስቷል። ሰውየው ከንፈሩን ነክሶ ሦስተኛውን ጠበቀ። ሦስተኛው አልመጣም። ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሲገፈፍ የወንድሙ ታንኳ ድንጋይ ቢወረውሩ ከሚደርስበት ቦታ ተገልብጣ ተገኘች። ሰውየው «ወዲህ ነኝ» ቢለው ኖሮ ወንድሙ ድምፁን ተከትሎ ዳር ይደርስ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ፣ ደግ አደረግህ፣ የአባቶችን ሕግ ጠበቅህ አሉት። መቼም ለቅሶ ደራሽ የማይለው የለም። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያን ደጅ መሳም ተወ። ሚስቱ ለምን እንደሆነ ብትጠይቀው «ወንድሜ ሲጠራኝ ዝም ያልሁ ሰው እግዜርን በምን አፌ ልጥራው?» አላት። በየጧቱ መንገደኛ ሲያሻግር በአንዲት የገዳም ደሴት አጠገብ ያልፋል። ደሴቲቱን የሸፈነው ደን ከገዳሙ በዕድሜ ይበልጣል፤ ንጋት ላይ ወፎቹ ሲዘምሩ መንገደኞቹ፣ እባክህ መቅዘፊያውን አቁምና እንስማ ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀዝፋል። የዚያ ሁሉ ውበት ነገር ለእሱ እንደ ሰው ሠርግ ነበር፤ በደጁ ያልፋል እንጂ አልተጠራሁም ብሎ አይገባም።

እንግዲህ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ቄጠማ የሚሠራ ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከጉዞ መልስ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ ካላስመቱት እየከበደ ሄዶ ባለቤቱን ይዞ ይወርዳል። ሰውየው ከሐዘኑ ብዛት ይህንን ችላ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ብቻውን ወጣ፤ መሐል ሲደርስ ጉም ወረደበት። እጁን ቢዘረጋ መዳፉ አይታየውም። ውሃው ድምፅ የለውም፤ መቅዘፊያው የሚገባው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ጥጥ ውስጥ ይመስል ነበር። ታንኳዋ ከበደች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። ዋና ያውቃል፤ ግን ዳሩ በየት በኩል ነው ብሎ ይዋኝ?

ያን ጊዜ ስሙን ሰማ። የወንድሙ ድምፅ ነበር። ከፊቱ ይሁን ከኋላው መለየት አቃተው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠራው፣ ልክ እንደዚያ ቀን ሳስቶ። ሰውየው እንደ ልማዱ ከንፈሩን ነከሰና ሦስተኛውን ጠበቀ።

ሦስተኛው በስሙ አልመጣም። አንዲት ወፍ ጉሙ ውስጥ ጮኸች። ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ የማይታይ ደን በሙሉ ዙሪያውን ዘመረ። ጉሙ ራሱ ከውስጡ በርቶ ወርቅ መሰለ። ታንኳዋ ጥግ፣ ውሃው ላይ፣ አንዲት ነጭ አበባ ተከፍታ ቆማለች፤ መቼ እንደተከፈተች አላየም። ሰውየው ፈራ። ከሞት ይልቅ ያ ውበት አስፈራው። ይህ ሁሉ በየጧቱ ሲጣራ መኖሩ፣ እሱም ሦስተኛውን ሲጠብቅ መኖሩ ያን ጊዜ ገባው። በምትሰምጠው ታንኳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ ማን ነህ ብሎ ሳይጠይቅ፣ «አቤት» አለ። እያለቀሰ ደጋግሞ አቤት አለ።

«ወዲህ ነው፣ ወዲህ» አለ አንድ ድምፅ። ውሃ ሊቀዱ ወደዚያች የገዳም ደሴት ዳር የወረዱ አንድ መነኩሴ ነበሩ። ድምፃቸውን እየተከተለ፣ መጨረሻውን እየዋኘ፣ ከእግራቸው ሥር ደረሰ። ትንፋሹ ሲመለስ፣ በስሜ የጠሩኝ እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። መነኩሴው ትኩር ብለው አዩት።

«ስምህን ከየት አውቄ? እኔ የሰማሁህ አቤት ስትል ነው» አሉት።

የኔታ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ። ታንጉት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበችና፣ ታዲያ የጠራው ማን ነበር አለች።

«እኔ ምን አውቄ፤ ታንኳው ላይ አልነበርሁም» አሉ የኔታ። «አንቺም እንደ ሰውየው ነሽ፣ ልጄ። ልጅሽን የቀበርሽ ቀን እግዚአብሔር በስምሽ ጠርቶ እንዲያጽናናሽ ጠበቅሽ፤ አልሰማሽውም። አሁን በወፉና በብርሃኑ ሲጠራሽ ደግሞ፣ እሱ ይሁን አይሁን እያልሽ ከንፈርሽን ነክሰሽ ትቀመጫለሽ። ለመሆኑ ወፉን የሠራው ማነው፣ ጎረቤትሽ ነው? ሰውየው የዳነው ጠሪውን ስላወቀ አይደለም፤ አቤት ስላለ ነው። ነገ ዛፉ ሥር ደረትሽ ሲከፈት አቤት በይ። ከዚያ ተነሥተሽ ወደ ቅዳሴው ግቢ፤ የሚሰማሽ እዚያም አለ። ሦስተኛውን አትጠብቂ።»