የእመት አይጥ የሰጎን ካርድ

ተረት ልንገራችሁ፤ የሚሰማ ጆሮውን ያቅና። «መጫወቻ ለጨዋታ ይዋል» የሚለውን ደንብ በልጅነታችን በቃል አጥንተናል።

የዱር አራዊት የሯጮች ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች እየሰበሰቡ፣ በመዳፍ መትቶ በመገልበጥ ይጫወቱ ነበር። የሰጎን ካርድ ዋጋ ከአንድ ፍሬ ለውዝ ወደ አንድ ቁና ሲወጣ ግን እመት አይጥ የራሷን በጉድጓዷ ሸሸገችው።

አንድ ቀን ፀሐይ ልታስመታው ስታወጣው ሽኮኮ ዘሎ በመዳፉ ገለበጠው፤ ጠርዙም ታጠፈ።

«ወይኔ! ዋጋው ወደቀ!»

«ታዲያ አሁን እንጫወትበታ፣ እመት አይጥ!»

ከዳኛው ከኤሊ ዘንድ ከሰሰችው። ኤሊ ግን «ደንቡን የጣስሽው አንቺ ነሽ፤ ጀምበር እስክትጠልቅ ድረስ በካርዱ እንድትጫወቺ ፈርጄብሻለሁ» አላት።

እያለቀሰች ጀመረች፤ ብዙም ሳይቆይ ሳቋ ዱሩን አናጋው። ጀምበር ስትጠልቅ «ክቡር ዳኛ፣ ቅጣቱ አነሰኝ!» ስትል ይግባኝ አለች።

ኤሊም ፊቱን አኮሳትሮ አንድ ሳምንት ጨመረባት።