አንድ ወንበር የቀረው ፋይል

ሃሎ! ይሰማል? ከተሰማ ልጀምር።

እትዬ ዘርፌ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጃቸው ማስተዋል ዛሬ ጠዋት ጅንካ ላይ ወልዳለች፤ የሕፃኑን ድምፅ መስማት አማራቸው። ባላቸው አቶ ምትኩ የምሥራቹን ሊናገሩ የራሳቸውን ስልክ ይዘው ጓሮ ከገቡ ቆይተዋል። እትዬም ስልካቸውን አነሱ። ስልኩ ግን አልደውልም አለ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ፤ ቆጣሪው አላሳልፍ አለኝ።»

ቆጣሪው የሰውን ጥሪ ሁሉ እየቆጠረ የኔትወርኩ በር ላይ የሚቀመጥ ኮስታራ ነው። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

«ቆጣሪ፣ ስልኬን አሳልፈው!»

«የትናንቱ ጥሪዎ መዝገብ መቼ ደረሰኝ? አንዱን ሳልቆጥር ሌላ አላሳልፍም።»

መዝገቡ ትንሽዬ ነው። ማን ለማን ደወለ፣ ምን ያህል አወራ፣ ይህንኑ ታቅፎ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

«መዝገብ፣ ሂድ! ቆጣሪው አላሳልፍ ብሏል፤ ስልኩ አልደውል ብሏል፤ እኔም የልጅ ልጄን ድምፅ አልሰማሁም።»

«ብሄድ በወደድኩ። ፋይሉ አልነሳ አለ እንጂ።»

ፋይሉ እንደ ሚኒባስ ነው፤ ካልሞላ አይነሳም።

«ፋይል፣ ተነሳ! መዝገቡ አልሄድ ብሏል፤ ቆጣሪው አላሳልፍ ብሏል፤ ስልኩ አልደውል ብሏል፤ እኔም የልጅ ልጄን ድምፅ አልሰማሁም።»

«አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»

«ታዲያ ያገኘኸውን ጫን!»

«ወንበሯ ተይዛለች እትዬ። ያ ማዶ ያለው ጥሪ ነው፤ መጣሁ መጣሁ እያለ ቀረ።»

«ጥሪ፣ ይብቃህ! ፋይሉ አልነሳ ብሏል፤ መዝገቡ አልሄድ ብሏል፤ ቆጣሪው አላሳልፍ ብሏል፤ ስልኩ አልደውል ብሏል፤ እኔም የልጅ ልጄን ድምፅ አልሰማሁም።»

«እኔማ በቅቶኝ ነበር። ሁለት አማቾች ይዘውኛል። ወሬያቸው አልቋል፤ ቀድሞ የሚዘጋ ጠፋ። ይስሟቸው እስኪ።»

«በሉ አቶ ደርቤ፣ ይዝጉ።»

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔ በእርስዎ ላይ ስልክ ልዘጋ? አላደርገውም!»

«እንግዲያው እኩል እንዝጋ።»

«እሺ።»

ሁለቱም አዳመጡ።

«ዘጉ?»

«አልዘጋሁም። እርስዎስ?»

አንደኛውን ድምፅ እትዬ ዘርፌ ሲያንኮራፋም ያውቁታል። ወደ ጓሮ ሮጡ። አቶ ምትኩ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለጎመን መደቡ እጅ ይነሳሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝጋ!»

«እንዴት ብዬ? አማች እኮ ናቸው!»

«አንተ አልዘጋ ብለህ ጥሪው አላልቅ አለ፤ ጥሪው አላልቅ ብሎ ፋይሉ አልነሳ አለ፤ ፋይሉ አልነሳ ብሎ መዝገቡ አልሄድ አለ፤ መዝገቡ አልሄድ ብሎ ቆጣሪው አላሳልፍ አለ፤ ቆጣሪው አላሳልፍ ብሎ ስልኬ አልደውል አለ፤ እኔም የልጅ ልጄን ድምፅ አልሰማሁም!»

ነጠቁና ዘጉት። ሲዘጉት ጥሪው አለቀ፤ ጥሪው ሲያልቅ ወንበሯ ሞላች፤ ወንበሯ ስትሞላ ፋይሉ ተነሳ፤ ፋይሉ ሲነሳ መዝገቡ ደረሰ፤ መዝገቡ ሲደርስ ቆጣሪው አሳለፈ፤ ስልኩም ደወለ።

«እንጋ! እንጋ!» አለ ሕፃኑ።

እትዬ ዘርፌ እልል አሉ፤ አለቀሱ፤ መረቁ። ወሬው አለቀ።

«በይ ልጄ፣ ዝጊ።»

«ኧረ እማዬ፣ አንቺ ዝጊ።»

«አንቺ አራስ ነሽ፤ ቅደሚ።»

ማዶ ላይ ሌላ ፋይል «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል።

እኔ ጨርሻለሁ። በሉ፣ እናንተ ዝጉ።