የጃንጥላ ጠጋኙ ምስማሮች

«መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ፤ የምትገባበት ቤት የበረከት ይሁንልህ፤ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ» አሉ አቶ ጓንጉል፣ ከመደባቸው ሳይነሱ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

«አሜን፣ ጋሽ ጓንጉል» አለ ይመር። አለና እዚያው በሩ ላይ ቆመ።

አቶ ጓንጉል ምርቃቱ ያነሰበት መሰላቸው። «እሾህ አይውጋህ፤ እንቅፋት አይምታህ፤ ክፉ አይይህ።»

«አሜን።» አሁንም ንቅንቅ አላለም።

«ምነው ወንድሜ ይመር? የምትሄደው ሆጤ ነው አላልከኝም? ከሸዋ በር ሆጤ ለመውረድ ይኼ ሁሉ ምርቃት አይበቃም?»

«ምርቃቱስ ይተርፋል፤ አላህ ይስጥልኝ። የመጣሁት በመያዣ ያስቀመጥነውን ድሪ ልወስድ ነው።»

አቶ ጓንጉል እጃቸውን ከሰማይ መለሱና ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

በእኛ ሰፈር፣ ጥቅሙን ወደ ጉያው ስቦ ጣጣውን ወደ ጎረቤቱ የሚገፋ ሰው ሲገኝ፣ ሽማግሌዎች ፂማቸውን እያሻሹ የሚሏት አንዲት አነጋገር አለች። ልጆቹ ይሰሟትና ይስቃሉ እንጂ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ የለም። የመጣችው ይህች ያለ ቦታዋ የገባች ምርቃት ካስጀመረችው ነገር ነው።

ይመር ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር። ያን ጊዜ ጃንጥላ ተሰበረ ተብሎ አይጣልም። ዘንጉ ቢሰበር ይታሰራል፣ ሽቦው ቢወልቅ ይሰፋል፣ ጨርቁ ቢበሳ ይጣፋል። ከአባት ለልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ጃንጥላ ነበር፤ ሁሉ ነገሩ ተለውጦ ከመጀመሪያው የቀረው የባለቤቱ ስም ብቻ። ደሴ ደግሞ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን የለቀቀባት ቀን ጃንጥላ የሌለው ሰው ከቤቱ የማይወጣባት ከተማ ናት። ስለዚህ ጥምቀት ሲደርስ የቀሳውስቱ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ፣ መውሊድ ሲደርስ የሸሆቹ ጥቁር ጃንጥላ፣ በሰርግ ሰሞን የሚዜዎቹ፣ ሁሉም የይመር ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተዘቅዝቀው ይውሉ ነበር። ቄሱ ሲመጡ ከሸሁ ጃንጥላ ሥር የራሳቸውን ይፈልጋሉ፤ ሸሁም ሲመጡ እንደዚያው። ተሳስተው የተለዋወጡ ቀን ግማሽ ከተማ ሲስቅ ሰነበተ።

ለያንዳንዱ ጃንጥላ አንድ አንድ ምስማር ያስፈልጋልና ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ምስማር ነበር።

ቤቲቱ የአቶ ጓንጉል ናት፤ ከጊቢያቸው ዳር ያለች አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት። ይመርና ሚስቱ ዘሃራ ሊከራዩ ሲመጡ በእጃቸው የነበረው የጉጠትና የመዶሻ ከረጢት፣ በዘሃራ ጀርባ ላይ ደግሞ ገና ጡት ያልጣለችው ከዲጃ ብቻ ነበረች። አቶ ጓንጉል አንገታቸውን ነቀነቁ። «መልካችሁስ የደግ ሰው መልክ ነው። ግን ያለ መያዣ ቤት አልሰጥም፤ መልክ አይያዝም።» ይኼኔ ዘሃራ እጇን ወደ አንገቷ ልካ ድሪዋን ፈታች። ጠገራ ብሮች በጥቁር የሐር ገመድ ላይ የተሰኩበት፣ እናቷ በሰርጓ ቀን ከገዛ አንገታቸው ፈትተው ያሰሩላት ድሪ ነበር።

«ስትለቁ እንዳለ ትወስጅዋለሽ» አሏት አቶ ጓንጉል። ቃላቸው ነበር፤ ዘሃራም አልረሳችውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደግ ዘመን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር አቶ ጓንጉል የከተማውን ወሬ ጠቅልለው ይመጡና የይመር በር ደፍ ላይ ይቀመጣሉ። ይመር ሽቦ ያቃናል፣ እሳቸው ሰው ያማሉ። የራሳቸውን ጃንጥላ ስንት ጊዜ እንዳስጠገኑ አይታወቅም፤ እንዳልከፈሉ ግን ይታወቃል። «በወንድማማች መካከል ምን ሂሳብ አለ!» ይላሉ። ይመርም ይስቃል። ዘሃራ ከውስጥ ሆና «እንግዲያ የቤቱንም ኪራይ በወንድማማች ያድርጉልና!» ስትል አቶ ጓንጉል የዚያን ጊዜ ብቻ ጆሯቸውን ያማቸዋል።

በጀርባ ታዝላ የገባችው ከዲጃ አድጋ ታጨች። ለሰርግ ዳስ ያስፈልጋል፤ በአቶ ጓንጉል ጊቢ ደግሞ ዳስ ቀርቶ ጃንጥላ እንኳ በደንብ አይዘረጋም። ስለዚህ ሆጤ ሰፊ ደጅ ያለው ቤት ተገኘና ዕቃው ተጓዘ። የቀረው ድሪው ነው። በዘሃራ ወገን ወግ፣ እናት የሰርጉ ቀን ድሪዋን ከአንገቷ ፈትታ ለሙሽራዋ ታስርላታለች። የወንዱ ወገን ሴቶች ደግሞ ዓይናቸው ከሙሽራዋ ፊት በፊት የሚያርፈው አንገቷ ላይ ነው። ጠገራ የጎደለበት ድሪ ያዩ እንደሆነ «ችግር የበላው ነው» ይላሉ፤ ያቺ ቃል ከልጅቱ ጋር ታረጃለች።

እንግዲህ አቶ ጓንጉል ድሪውን ከሣጥናቸው አውጥተው፣ ይመርን አስከትለው ወደ ባዶዋ ቤት ሄዱ። ዘሃራ ወለሉን ጠርጋ ጨርሳ ቆማ ነበር። ድሪውን በእጃቸው ስታየው ፊቷ በራ፤ እጇንም ዘረጋች።

«ቆይ፣ ቆይ ዘሃራ» አሉ አቶ ጓንጉል። «አስቀድመን ቤቱን እንየው። ሥርዓት ነው።»

አንጋጠው ጣራውን አዩ። «ይኼ ጥቀርሻ ምንድን ነው? ቤቱን ስሰጣችሁ ማገሩ ወርቅ ይመስል ነበር።» የሐሩን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱና አንዷን ጠገራ አውጥተው በኪሳቸው ጨመሩ። ቀጥለው ጎንበስ ብለው የበሩን ደፍ ዳበሱ። «ደፉም ተበልቶ አልቋል።» ሌላዋም ጠገራ ወጣች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ጃንጥላ የሌለበት ባዶ ምስማር ሁሉ ትክ ብሎ ያያቸዋል። «አዬ ግድግዳዬ! ወንፊት አድርጋችሁታል እኮ!» ሦስተኛዋን አወጡ።

«ኧረ በነቢ!» አለች ዘሃራ። «ልጄን በጎደለ አንገት ልድራት ነው? እንዳለ ትወስጅዋለሽ አላሉኝም?»

«ቤቱስ እንዳለ ነው ወይ የተመለሰልኝ?»

«ጋሽ ጓንጉል» አለ ይመር፤ ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ብሏል፣ ሲናደድ እንዲያ ነው። «ወንድማማች አልነበርንም?»

«ወንድምነት ሌላ፣ ግድግዳ ሌላ።»

ዘሃራ እንባዋ መጣ። ይመር «አብሽሪ» አላትና ወጥቶ አባ እብሬን ይዞ ተመለሰ። አባ እብሬ የበቅሎ ነጋዴ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ የሚዳኘው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ንግግር ስለሚያውቁ ሳይሆን ስለሚሰስቱ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ጎረቤቱም ተከትሎ ደጁን ሞላው።

«ጥቀርሻውን አየሁት» አሉ አባ እብሬ። «ጓንጉል፣ ቤቱን ስታከራያቸው እሳት እንዳታነዱ ብለሃቸዋል?»

«ኧረ አላልኩም።»

«ጭሱ ባይኖር ይኼን ማገር ምስጥ በልቶት፣ ዛሬ የምንዳኘው ሜዳ ላይ ነበር። መልስ።»

አቶ ጓንጉል ከኪሳቸው አንዷን አውጥተው መለሱ። ዘሃራ ተቀብላ ወዲያው ገመዱ ላይ ሰካቻት፤ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ነው መሰል።

«ደፉንስ የበላው ማነው?»

ደጅ ከቆሙት መካከል አንዲት ሴት ሳቀች። ዘሃራም እንባዋን ጠርጋ፣ «ራሳቸው ናቸዋ! ዝናብ በዘነበ ቁጥር እዚያ ላይ ተቀምጠው የሚያሙት ሰው ሲያልቅ እኔንም ያሙኝ ነበር» አለች።

«እሱ እንኳ ልማድ ነው» አሉ አቶ ጓንጉል ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ፣ ሁለተኛዋንም ሰጡ።

ሦስተኛዋ ላይ ግን አባ እብሬ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ግድግዳውን እየዳበሱ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። አንዳንዱ ምስማር ሥር ምርጊቱ ተሰንጥቋል፤ አንዳንዱ ዘንድ አፈሩ ረግፎ ጭድ ይታያል። ተመልሰው መጡና ይመርን አዩት።

«ይኼስ እውነት ነው፣ ልጄ። የሰው ግድግዳ በስተሃል። አንዷ ጠገራ ትቀራለች።»

ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ገመዱ ላይ ያለችውን ባዶ ቦታ ብቻ በጣቷ ትዳብስ ነበር።

ይመር ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። የመታቸው እሱ ነው፤ እንዴት ይዋሽ? ያችኛዋን ምስማር ለመምሬ ጃንጥላ የመታት ቀን ከዲጃ መዶሻው እያስደነገጣት ታለቅስ ነበር። የጥጓን ሲመታ አቶ ጓንጉል ራሳቸው ደፉ ላይ ሆነው «ትንሽ ወደ ግራ፣ ወንድሜ» ብለውታል። ከዚያች ከመስኮቱ ሥር ካለችው ላይ ደግሞ ባለቤቱ ሞቶ ሳይወስደው የቀረ አንድ አሮጌ ጃንጥላ ስንት ክረምት ተንጠልጥሎ ኖሯል። ግድግዳው ለሌላው ሰው ወንፊት ይሁን እንጂ ለእሱ የኖረበት ዘመን ነው።

«ልክ ነው፣ አባ» አለ። «የበሳሁት እኔ ነኝ። ትቅር።»

አቶ ጓንጉል ጠገራዋን ጨበጡ። አባ እብሬም ጫማቸውን ፍለጋ ወጡ፤ ነገሩ አበቃ። ይመር ከከረጢቱ ጉጠቱን አወጣና የመጀመሪያዋን ምስማር ያዘ። ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አድርጎ ሳብ ሲያደርጋት አፈር ዱብ ዱብ አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ አቶ ጓንጉል ደንግጠው።

«ምስማሬን ልነቅል ነዋ። የሆጤው ቤት ግድግዳ ባዶ ነው፤ ጃንጥላውን ምን ላይ ልሰቅል?»

«ተው እንጂ ወንድሜ ይመር! የጣሊያን ምስማር ዛሬ ከየት ይገኛል? እኔ የበቅሎዬን ኮርቻና ልጓም ልሰቅልበት አስቤው የለም እንዴ! ደግሞስ ከግድግዳ የተመታ የግድግዳው ነው፤ ከአባት የመጣ ሕግ ነው።»

«በገንዘቤ የገዛሁትን?»

«ብትገዛውስ? የቤቱ ሆኗል። ንካውና ተመልከት!»

አባ እብሬ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ አግብተው፣ አንዱን ከውጭ እንደተዉ ዞሩ።

«ጓንጉል።»

«አቤት፣ አባ።»

«ምስማሮቹ የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸዋ! ቤቱ የኔ ከሆነ የማን ይሆናሉ?»

«ቀዳዳዎቹስ?»

አቶ ጓንጉል ሳያስቡት፣ «ቀዳዳውማ የወንድሜ የይመር ነው፤ አሁን እርስዎም ፈርደውበት የለ!» አሉ።

ቀድማ የሳቀችው ዘሃራ ናት፤ ቁጭ እንዳለች፣ ገመዱን በእጇ እንደያዘች። ከዚያ ደጅ ያለው ሁሉ ተከተላት። አቶ ጓንጉል ግራ ተጋብተው አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ይመርን አዩ፤ ቀስ በቀስም ጆሯቸው ቀላ። ዘሃራ ተነሥታ መዳፏን ከመዳፋቸው ሥር ዘረጋች። የጨበጡት እጅ ላላና ጠገራዋ ወደቀችላት።

ከኋላ ቆማ ነገሩ ያመለጣት አንዲት ጎረቤት፣ «አባ እብሬ፣ ምን ብለው ፈረዱ?» ስትል ተጣራች።

ሽማግሌው ሁለተኛውን ጫማ አጠለቁ፤ ከዘራቸውንም አነሡ።

«እኔ ምኑን ፈረድኩት፣ ራሱ ፈርዶ ጨረሰው እንጂ፤ ምስማሩ የማነው ቢሉት የኔ፣ ቀዳዳውስ ቢሉት የወንድሜ።»