ሼህ ሙህየ የነቀሉት የሣር ክዳን

በአንዲት ዕድሜ ጠገብ ከተማ ሼህ ሙህየ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ችኩል ነበር። የሰው ችግር ከሰሙ ቁጭ ብሎ ማሰብ አይሆንላቸውም።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተነሡና «ጀመዓ! የሟቹ የሰይድ ሚስት የሩቂያ ቤት ያፈሳል። ክረምቱ ሳይገባ ለአላህ ብላችሁ ውጡላት፤ የቲም ልጆቿን አስቡ!» አሉ። ወጣቶቹ ሣር ተሸክመው፣ መንዙማ እያሉ፣ ሰፈሩን ሁሉ አስከትለው ሄዱ። ሩቂያ ግን በሯን ከውስጥ ቀርቅራ ወይ ፍንክች!

ሼሁ ራሳቸው ሄዱ።

«ምነው ልጄ? ሰው እኮ ለኸይር ነው የመጣው።»

«አውቃለሁ፣ ሼህዬ» አለች ከበሩ ጀርባ። «ግን ስሜ መስጊድ ውስጥ ተጠራ። ነገ ልጆቼ የሶደቃ ልጆች ሊባሉ ነው። ይዝነብብን፣ ግድ የለም።»

ከዚያ ወዲያ ሼሁ ዕረፍት አጡ። ተስቢሕ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፤ ደጅ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ደመናው እየከበደ ነው። የሩቂያ ትንሹ ልጅ ደረቱን ያመዋል፤ ክረምቱን እርጥብ መደብ ላይ ከተኛ መትረፉ እንጃ። «ያ አላህ! በገዛ አፌ በሯን አዘጋሁት» ይላሉ። እህል አልወርድ አላቸው።

አንድ ረፋድ መሰላል አቆሙና የገዛ ቤታቸውን ሣር ይነቅሉ ጀመር። ደህናውን ሣር! ባለቤታቸው ሰዓዳ እየሮጡ ወጡ።

«ኧረ በአላህ! ምን ነካዎት? ክረምቱ ደጅ ቆሞ?»

«እኛም የሰው እጅ ያስፈልገን ብዬ ነው፣ ሰዓዳ።»

ከዚያ ወደ ሩቂያ ሄዱ። «ልጄ፣ ጣሪያዬ ተከፍቷል። ወንፈል ጠርቻለሁና መጥተሽ ገመድ ግመጂልኝ» አሏት። በዚያ አገር ወንፈል ማለት ዛሬ ለኔ ከሠራሽ ነገ ላንቺም ይሠራልሻል ማለት ነው፤ ማንም ምጽዋት አይለውም። ሩቂያ ትክ ብላ አየቻቸው።

«መቼ ነው?» አለች።

በማግስቱ ከሰው ሁሉ ቀድማ ደረሰች። መዳፏ እስኪቀላ ገመደች። የሼሁ ቤት ገና ግማሹ እንደተከደነ ሰማዩ አጉረመረመ። ሼሁ ጮኹ፦

«ውረዱ! አሁን ተራው የሩቂያ ነው!»

«የእርስዎስ ቤት?» አሉ ወጣቶቹ።

«ውረዱ አልኩ እኮ!»

ሩቂያ በሯን ራሷ ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። የመጨረሻው ነዶ እንደታሰረ ዶፉ ወረደ። ወጣቶቹ ወደ ሼሁ ቤት ቢሮጡ፣ ባልና ሚስት አንድ ጥግ ተጨናንቀው፣ ሰዓዳ ዕቃ እየጎተቱ ሲነጫነጩ አገኟቸው።

«ሼህዬ» አለ አንዱ፣ «ያኔውኑ በሩን ገፍተን ብንከድንላት አይቀልም ነበር?»

ሼሁ የዝናቡን ውኃ ከፊታቸው ጠረጉ። «ቤቷን ከድነን እሷን ልንገልጣት ነበር» አሉ።

እናንተዬ! ዛሬም ጉልበታችንን ለችግረኛ ቤት ልንሰጥ እንወጣለን፤ አልሐምዱሊላህ፣ መውጣቱ መልካም ነው። ግን ችግረኛዋን እናት ዘይትና ዱቄቱን አስይዘን ፎቶ ስናነሣት፣ ዓይኗን ወዴት እንደምታሸሽ አይተናል? ሶደቃ ተቀባዩን ካሸማቀቀ፣ ሰጠን የምንለው ምኑን ነው? ስንት ቤት ገብተን ወጥተናል፤ አንድ ቀን እንኳ «እስኪ አንቺም አግዢን» ብለናት እናውቃለን?